ድፍን ታፔት ወይስ ሃይድሮሊክ? የድሮ ባለ 6 ሲሊንደር ሸቭሮሌት፣ ደሴ

ጦሳ_ስር፦

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ደሴ ያለ የ1955 (እ.ኤ.አ.) ሸቭሮሌት የቤት መኪና ነው። ማርሹ በእጅ፣ ባለ 3። ሞተሩ 6 ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ 235 ኩቢክ ኢንች፣ ማለትም 3.9 ሊትር ገደማ። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ) ብሎኩ ውስጥ ነው፤ ከሱ ላይ ታፔት (ጉብታው ወደ ላይ የሚገፋው ብረት)፣ ከታፔቱ ላይ ፑሽሮድ (ቀጭን ዘንግ)፣ ከዚያ ቫልቩን የሚጫነው ሮከር። ሞተሩ ከመኪናው ጋር የመጣው ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለም፤ ብሎኩ ላይ ያለው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አይገጥምም።

ችግሩ ከላይኛው ክዳን ስር የሚመጣ የጠቅ ጠቅ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ከአንድ ቦታ ብቻ ነበር። ጋራዥ ገብቶ ቫልቭ ተስተካከለ፤ ሞተሩ ሞቆ እያለ በላንድክሩዘር ልክ፣ አስገቢው 0.20፣ አስወጪው 0.35 ሚሊሜትር ክፍተት ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ 12ቱም ቫልቮች ይጮኻሉ። ሮከሮቹ ላይ ማስተካከያ ብሎንና ዳዶ ስላለ "ድፍን ታፔት ነው፣ አርጅቷል፣ ይቀየር" ተብሏል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዕቃ ከማስፈለጌ በፊት የታፔቱን ዓይነት ማወቅ እፈልጋለሁ። ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ሳይወርድ መለየት ይቻላል?

ካንዴላ_12፦

ማስተካከያ ብሎን ካለው ድፍን ነው። ሃይድሮሊክ ቢሆን ክፍተቱን በዘይት ግፊት ራሱ ስለሚሞላ ብሎን ባላስፈለገው። የላንድክሩዘር 2ኤፍ ሞተር ላይ ብሎን አለ፣ ታፔቱም ድፍን ነው። ምናልባት የሮከሮቹ አፍንጫ ተበልቶ ይሆናል፤ እሱን እይ።

ቶርኖ_ቤት፦

ካንዴላ ወንድሜ፣ 2ኤፍን በተመለከተ ልክ ነህ። እዚህ ሞተር ላይ ግን ያ ምልክት አይሠራም። 235 ድፍን ታፔት ያለውም ሆነ ሃይድሮሊክ ያለው፣ ሁለቱም ሮከራቸው ላይ ማስተካከያ ብሎን አላቸው። በድፍኑ ላይ ብሎኑ ክፍተት ይሰጣል። በሃይድሮሊኩ ላይ ደግሞ ክፍተቱን ጨርሶ አጥፍቶ በታፔቱ ሆድ ውስጥ ያለውን ተንሸራታች ፕለንጀር የጉዞው መሃል ላይ ያስቀምጣል። ብሎኑ አንድ ነው፣ ሥራው ግን ተቃራኒ። ጋራዡን ያሳሳተው ይህ ነው ብዬ እገምታለሁ።

በዓመተ ምርት ልንሂድ ብንል ነገሩ እንዲህ ነው። ሸቭሮሌት በዚህ ሞተር ላይ ሃይድሮሊክ ታፔት ያስገባው በ1950 ፓወርግላይድ ከሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ጋር ነው። ከ1953 እስከ 1955 የቤት መኪናው በእጅ ማርሽ ከሆነ ድፍን፣ ፓወርግላይድ ከሆነ ሃይድሮሊክ ነው። ከ1956 እስከ 1962 የቤት መኪኖቹ ሁሉ ሃይድሮሊክ ሆኑ፤ ጭነት መኪኖቹ ላይ ግን ድፍኑ ቀጠለ። ኮርቬት ደግሞ ከደንቡ ወጣ ያለ ነው፤ የ1953ቱና የ1954ቱ ካምቢዮው ፓወርግላይድ ሆኖ ታፔቱ ድፍን ነው።

እንግዲህ በፋብሪካው መጽሐፍ መሠረት የ1955 ባለ እጅ ማርሽ ድፍን መሆን ነበረበት። ነገር ግን የብሎኩ ቁጥር ከሊብሬው ካልገጠመ መጽሐፉ ስለዚህ ሞተር ምንም አይነግርህም። ቁጥሩ ቢገጥምም እንኳ ስለ ብሎኩ ነው የሚናገረው፤ በ70 ዓመት ውስጥ ማን ምን ታፔት እንደጨመረበት አይናገርም። መልሱ ታፔቱን በዓይን ማየት ነው። ቴስታታም አይወርድም፤ የጎኑን ክዳን መክፈት ብቻ ነው።

እስከዚያ ድረስ መኪናውን በዚህ ሁኔታ አትንዳው። ታፔቱ ሃይድሮሊክ ከሆነ 0.20 እና 0.35 የተሰጠው ክፍተት ፕለንጀሩን ወደ ላይ ለቆታል ማለት ነው። ፕለንጀሩ ከላይ የያዘችውን የሽቦ ቀለበት በእያንዳንዱ ዙር ይመታታል። 12ቱም በአንዴ መጮህ የጀመሩት ለዚህ ሊሆን ይችላል። ቀለበቷ ከቦታዋ ከዘለለች የፑሽሮዱ መቀመጫና ፕለንጀሩ ይወጣሉ፤ ጉዳቱ ያኔ ሌላ ነው።

ቦርከና_ዳር፦

ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት ሞተሩ እየሠራ የሚደረጉ ሁለት ፍተሻዎች ጠቃሚ ናቸው። መቶ በመቶ አይነግሩህም፣ ግን ፍንጭ ይሰጡሃል።

አንደኛው ድምፁ ነው። በትክክል የተስተካከለ ድፍን ታፔት ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ቀለል ያለ፣ እኩል፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ያለ ድምፅ አለው፤ ከ12ቱም የሚመጣ ነው፣ ጤነኛ ድምፅ ነው። ጤነኛ ሃይድሮሊክ ጸጥ ይላል። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ሊንጫጫ ይችላል፣ ምክንያቱም ሌሊት ቫልቭ ተጭኖት ያደረው ታፔት ዘይቱን ያስወጣል፤ ግፊቱ ሲደርሰው ዝም ይላል። ደሴ ብርዱ ከኮምቦልቻ ስለሚጠነክር ወፍራም ዘይት ያለው ሞተር እዚያ ጠዋት ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ቢንጫጫ አይገርምም።

ሁለተኛው በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ ምላጮች) ነው። የላይኛውን ክዳን አንሣ፣ ዘይት እንዳይረጭ ካርቶን አቁም፣ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አሠራ። በሮከሩ አፍንጫና በቫልቩ ጫፍ መካከል ቀጭኗን ምላጭ፣ 0.10 ወይም 0.15 ሚሊሜትሯን፣ አስገባ። ምላጯ ስትገባ የዚያ ቦታ ድምፅ ከጠፋ ክፍተት አለ ማለት ነው። በትክክል የተስተካከለ ሃይድሮሊክ ላይ ቦታ የለም፤ ምላጯ አትገባም።

ያንተ ግን አሁን በተሳሳተ መንገድ ተስተካክሎ ስለሚሆን በሁለቱም ዓይነት ላይ ክፍተት ታገኛለህ። ስለዚህ ቶርኖ እንዳሉት መክፈቱ አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የሮከሩ አፍንጫ ተቦርቡሮ ከሆነ የፊለር ጌጁ ምላጭ ጉድጓዱን ተሻግሮ በጠርዞቹ ላይ ይተኛል። 0.20 ብለህ የለካኸው በእውነቱ 0.30 ወይም 0.35 ሊሆን ይችላል። ካንዴላ ስለ አፍንጫው ያነሣው ስለዚህ ከንቱ አይደለም።

ጦሳ_ስር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ቶርኖ፣ የጎኑ ክዳን የትኛው ነው? ከተከፈተ በኋላስ ምን ባይ ነው "ይሄ ሃይድሮሊክ ነው" የምለው? ፎቶ ላይ ያየኋቸው ሁለቱም ውጫቸው አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ቀዳዳ አላቸው።

ቶርኖ_ቤት፦

አብሽር፣ ከባድ አይደለም። ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀዳዳውን አይቶ ነውና።

የጎኑ ክዳን በካንዴላዎቹና በዲስትሪቢዩተሩ በኩል ያለው ረጅም ቆርቆሮ ነው። ባትሪውን ፍታ። የካንዴላ ገመዶቹን ቁጥር ጻፍባቸውና ንቀል። ኮይሉ መንገድ ከዘጋ አንሣው። ክዳንህ ረጅሙ ዓይነት፣ እስከ ቴስታታው ወጥቶ ካንዴላዎቹን የሚዞረው ከሆነ ካንዴላዎቹን አውጣ፤ ጉድጓዳቸውን በጨርቅ ድፈን። ዙሪያውን በቤንዚንና በብሩሽ እጠብ፤ ያለዚያ የዓመታት አፈር ሲከፈት በቀጥታ ካምሻፍቱ ላይ ይወርዳል። ክዳኑን በጠመንጃ መፍቻ አትፈንቅለው። ቆርቆሮው አንዴ ከተጣመመ ዘይት ማፍሰሱን አያቆምም። ስስ ቢላ በጋስኬቱ ስር አስገብተህ ቀስ በል።

ሲከፈት 12 ፑሽሮዶች ወደ 12 ታፔቶች ሲወርዱ ታያለህ። በባትሪ መብራት የታፔቱን አፍ ተመልከት።

ድፍን ታፔት አንድ ወጥ ብረት ነው። ውስጡ እንደ ጽዋ ተቦርቡሮ ፑሽሮዱ ታች ሥሩ ላይ ይቀመጣል። የሚንቀሳቀስ ዕቃ የለውም። ጎኑ ላይ ቀዳዳ ወይም ዙሪያውን ቦይ ሊኖረው ይችላል፤ ያ ዘይት እንዲያልፍ ወይም እንዲቀል ነው። ቀዳዳ ስላለ ሃይድሮሊክ ነው ማለት ስህተት ነው።

ሃይድሮሊክ ታፔት አካልና ፕለንጀር ነው፣ ሁለት ነገር አንዱ በአንዱ ውስጥ። አፉ ላይ ከውስጥ ጠርዙ ጋር የምትዞር ቀጭን የሽቦ ቀለበት አለች። ከሷ ስር የፑሽሮዱ መቀመጫ ይታያል፣ ወደ አፉ ቀርቦ። ቁርጡ መለያ ቀለበቷ ናት። ጥቁር ዘይት ከሸፈናት በቀጭን ብሩሽና በነጭ ጋዝ ጥረግ።

ቀለበቷ ካልታየችህ በእጅ ሞክር። ሞተሩን አዙረህ የዚያ ታፔት ካም ጀርባውን የሰጠበት፣ ማለትም ቫልቩ ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ቦታ ላይ አድርገው። ማስተካከያ ብሎኑን አላላ፣ ሮከሩን በዘንጉ ላይ ወደ ጎን ግፋና ፑሽሮዱን በእጅህ ይዘህ ወደ ታች ተጫን። ባዶ የሆነ ሃይድሮሊክ እንደ ስፕሪንግ ወርዶ ይመለሳል። ዘይት የሞላው ደግሞ መጀመሪያ ይከለክልሃል፣ አጥብቀህ ስትይዘው በዝግታ ይሰምጣል። ድፍኑ ምንም አይልም። ልብ በል፣ በዝቃጭ የተጣበቀ ሃይድሮሊክም ምንም አይልም። ስለዚህ በአንድ ታፔት አትፍረድ፤ 12ቱንም ሞክር።

ካንዴላ_12፦

ገብቶኛል፣ ብሎኑን ብቻ አይቼ መናገር አልነበረብኝም። ጥያቄ አለኝ፦ ሃይድሮሊክ ሆኖ ቢገኝና ቢበላሽ፣ ድፍን ታፔት ከትቶ ክፍተት ሰጥቶ መገላገል አይቻልም? ድፍኑ ርካሽ ነው፣ ዘይት አይመርጥም፣ አይዘጋም።

ሰኞ_ገበያ፦

ይህን ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ሞተሩም ይነሳል። ችግሩ ካምሻፍቱ ጋ ነው።

ለድፍን ታፔት የተቀረጸ ካም ጉብታው ከመጀመሩ በፊት ረጅም፣ በጣም ዝግ ያለ አቀበት አለው። ሥራው ክፍተቱን በለስላሳው መዝጋት ነው፤ ሮከሩ ቫልቩን ሳይመታው ነክቶት ከዚያ ይገፋዋል። ቫልቩ ሲዘጋም በዚያው ለስላሳ ቁልቁለት ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ለሃይድሮሊክ የተቀረጸ ካም ክፍተት ስለማይጠብቅ ይህ አቀበት አጭር ነው። እዚህ ላይ ድፍን ታፔት አስገብተህ 0.33 ክፍተት ብትሰጠው የሮከሩ እንቅስቃሴ የሚጀምረው አቀበቱ አልፎ ፍጥነቱ ሲጨምር ነው። እያንዳንዱ መክፈት ምት ነው፣ መዝጋቱም ምት ነው። መጮኹ ብቻ አይደለም፤ የቫልቩ ጫፍ፣ የቫልቩ ወንበርና የካሙ ገጽ አብረው ያልቃሉ።

የተገላቢጦሹም አለ። ድፍን ወደነበረበት ብሎክ ሃይድሮሊክ የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ የታፔቱን ጉድጓድ ይመልከት። ታፔቱን አውጥተህ ግድግዳውን በመብራት ስታይ ዘይት የሚያመጣ ቀዳዳ ከሌለ ሃይድሮሊኩ የሚጠጣው የለውም። ባዶውን ይሠራል፣ ለዘላለም ይጮኻል። ቀዳዳው ካለ ቀጭን ሽቦ አስገብተህ ክፍት መሆኑን አረጋግጥ።

ፑሽሮዱም አይረሳ። በድፍኑ ላይ ፑሽሮዱ ታች ይቀመጣል፣ በሃይድሮሊኩ ላይ ወደ አፉ። የመቀመጫው ከፍታ ሲለያይ የፑሽሮዱ ርዝመት ይለያያል። ታፔት ቀይረህ ፑሽሮድ ካልቀየርክ ማስተካከያ ብሎኑ ወይ ጫፉ ድረስ ይወጣል ወይ ሙሉ በሙሉ ይገባል። ይህም ራሱ ምልክት ነው፦ 12 ብሎኖች ቆመው ስታያቸው አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በብዙ ክር ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ከሥሩ ያለው ዕቃ ከሌሎቹ የተለየ ነው።

ጦሳ_ስር፦

ተከፈተ። ውጤቱ ይኸው።

11ዱ አፋቸው ላይ የሽቦ ቀለበት አላቸው፤ ሃይድሮሊክ ናቸው። ስንጫናቸው 8ቱ እንደ ስፕሪንግ ተመለሱ፣ 3ቱ አልተንቀሳቀሱም። አንዱ፣ የ4ኛው ሲሊንደር አስወጪ፣ ቀለበት የለውም። አንድ ወጥ ብረት ነው። ሰኞ ገበያ እንዳሉትም የሱ ማስተካከያ ብሎን ከሌሎቹ በግልጽ ወደ ታች የገባ ነው። ጉድጓዶቹ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀዳዳ አለ፣ በ4ኛው አስወጪ ጉድጓድም ጭምር። መጀመሪያ ከአንድ ቦታ ብቻ ይሰማ የነበረው ድምፅ ከሱ ሳይሆን አይቀርም። አሁን ምን ይደረግ?

ቶርኖ_ቤት፦

ጥሩ ሥራ ነው። በአንዱ ብቻ ተፈርዶ ቢሆን ይህ አይገኝም ነበር።

የ4ኛውን ድፍን አውጣውና እግሩን፣ ማለትም ካሙ ላይ የሚቆመውን ፊቱን እይ። የብረት ማስመሪያ ጠርዝ አስተኛበትና ወደ ብርሃን ያዝ። ጤነኛ እግር መሃሉ በጣም በትንሹ ከፍ ያለ ነው፤ ማስመሪያው መሃሉን ነክቶ በዳርና በዳር ብርሃን ያሳያል። ይህ እብጠት ነው ታፔቱን በጉድጓዱ ውስጥ የሚያዞረው። ተገላቢጦሹን ካየህ፣ መሃሉ ሰርጉዶ ዳሩ ከነካ፣ ታፔቱ መዞር አቁሞ ካሙን በልቷል። 11ዱንም እንዲሁ አድርግ። የ4ኛው አስወጪ የካም ጉብታ በጎኑ በኩል በመብራት ይታያል፤ ጣትህን አሂድበት። ጫፉ ሹል ጠርዝ ካወጣ ወይም ከጎረቤቶቹ ካጠረ አዲስ ታፔት ብቻ ማስገባት ታፔቱን መጣል ነው። የተበላ ካም አዲስ ታፔትን በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል።

ጉብታው ጤነኛ ከሆነ አንድ አዲስ ሃይድሮሊክ ታፔት ትፈልጋለህ፤ የዚያንም ቦታ ፑሽሮድ ከሌሎቹ ጋር አስተያይ። እኩል ካልሆነ ፑሽሮዱም ይቀየራል። ያገለገለ ታፔት ከሌላ ሞተር አምጥተህ አትክተት። ታፔትና ካም አብረው ፊት ይይዛሉ፣ ማለትም እየተፋተጉ ይላመዳሉ፤ የሌላ ካም ፊት የያዘ ታፔት እዚህ አይስማማም። በዚሁ ምክንያት ያንተ 11ዱም እያንዳንዳቸው ወደ ወጡበት ጉድጓድ ይመለሱ። የእንቁላል ካርቶን ላይ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ጽፈህ ደርድር።

የማይንቀሳቀሱት 3ቱ ብዙ ጊዜ የሚድኑ ናቸው። ሌሊቱን ነጭ ጋዝ ውስጥ አሳድራቸው። በማግስቱ አንድ በአንድ ብቻ ፍታ፤ የአንዱ ፕለንጀር ለሌላው አካል አይሆንም፣ በፋብሪካ ተለክቶ የተጣመረ ነው። ፕለንጀሩን በአሮጌ ፑሽሮድ ጫን አድርገህ ቀለበቷን በሹል ነገር አውጣ፤ ከዓይንህ አርቅ፣ ትዘላለች። ተራውን እያየህ መቀመጫውን፣ ፕለንጀሩን፣ ከሥሩ ያለችውን የኳስ ቫልቭና ስፕሪንጉን አውጣ። በንጹሕ ነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ እጠብ። ብርጭቆ ወረቀት አትንካበት። ፕለንጀሩና አካሉ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ትንሽ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ ዘይት አይዝም። የጨርቅ ብናኝም ኳሷን ክፍት አድርጎ ይይዛታል፣ ስለዚህ በጨርቅ አትጥረግ፣ በአየር አድርቅ።

ገጥመህ ንጹሕ የሞተር ዘይት ሙላበትና በእጅህ ተጫን። በዝግታ ከሰመጠ ጥሩ ነው። ወዲያው ከወረደ ኳሷ አትዘጋም ወይም ፕለንጀሩ አልቋል፤ እሱ ይቀየር።

ታፔቱ ከጉድጓዱ እምቢ ካለህ በፒንሳ ጎኑን አትንከስ። ነጭ ጋዝ አፍስስበት፣ ግራ ቀኝ አዙረው፣ በማግኔት ሳብ። የ235ቱ በላይ በኩል ይወጣል። እግራቸው እንደ እንጉዳይ የሰፋ ታፔት ያላቸው ሌሎች አሮጌ ሞተሮች ስላሉ ግን፣ ሌላ ሞተር ላይ ይህን የምትሞክር ሁሉ መጀመሪያ አረጋግጥ፤ እነዚያ ካምሻፍቱ ሳይወጣ አይወጡም።

ቦርከና_ዳር፦

ማስተካከያውን እኔ ልጻፈው። ሞተሩ ቀዝቃዛና የቆመ ሆኖ ይሠራል። ለሃይድሮሊክ ፊለር ጌጅ አያስፈልግም፤ ያ ሞቆ፣ በምላጭ የሚባለው ለድፍኑ ነው።

የዚህ ሞተር የእሳት ተራ 1-5-3-6-2-4 ነው፣ እንደ 2ኤፉ። ስለዚህ ክራንክሻፍቱን ሁለት ቦታ ላይ በማቆም 12ቱን መጨረስ ይቻላል። 1ኛው ሲሊንደር ኮምፕሬሽኑን ጨርሶ ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ሲሆን የ1ኛውን ሁለቱንም፣ የ2ኛውን አስገቢ፣ የ3ኛውን አስወጪ፣ የ4ኛውን አስገቢና የ5ኛውን አስወጪ ታስተካክላለህ። ከዚያ ክራንክሻፍቱን አንድ ሙሉ ዙር አዙር፤ አሁን 6ኛው ጫፍ ላይ ነው። የ6ኛውን ሁለቱንም፣ የ5ኛውን አስገቢ፣ የ4ኛውን አስወጪ፣ የ3ኛውን አስገቢና የ2ኛውን አስወጪ። አስገቢውን ከአስወጪው ለመለየት የትኛው ሮከር በየትኛው ማኒፎልድ አፍ ፊት እንዳለ ተከተል።

1ኛው ጫፍ ላይ መሆኑን ለማወቅ ካንዴላውን አውጥተህ በጣትህ ግፊቱን ስማ፤ በፍላይዊሉ መስኮት በኩልም እሱ ላይ የተተከለችው ምልክት፣ የብረት ኳሷ፣ ትታያለች። 2ኤፍ ላይ የሠራ ሰው ያውቃታል። ኳሷ እሳት የሚሰጥበትን ነጥብ ነው የምታሳየው፣ ጫፉን ራሱን አይደለም፤ ለዚህ ሥራ ግን የጥቂት ዲግሪ ልዩነት ጉዳት የለውም፣ ካሙ አሁንም ጀርባውን እንደሰጠ ነው።

በየቫልቩ ዳዶውን ፍታ፣ ብሎኑን ፑሽሮዱ እስኪንቋቋ አላላ። አሁን ፑሽሮዱን በሁለት ጣት እያወዛወዝክ ብሎኑን ቀስ እያልክ አጥብቅ። የላይና ታች እንቅስቃሴው ልክ ሲጠፋ ቁም። ያ ዜሮ ነው። እዚህ ላይ ማሽከርከርን እንደ መለያ አትጠቀም፤ ዘይት የሌለው ታፔት ስፕሪንጉ እየሰመጠ ፑሽሮዱ መዞሩን ይቀጥላልና ዜሮውን አልፈህ ትሄዳለህ። ከዜሮው 1 ሙሉ ዙር ጨምር። በሩብ ዙር፣ በየሩቡ ትንሽ እየጠበቅህ፣ ፕለንጀሩ ዘይቱን እንዲለቅ። ዳዶውን ስታጠብቅ ብሎኑን በጠመንጃ መፍቻ ያዝ፣ አብሮ እንዳይዞር።

አዲስ የገባው ታፔት ካለ እግሩንና የካሙን ጉብታ በወፍራም የመገጣጠሚያ ቅባት ቀባ። ሞተሩ እንደተነሳ በዝቅተኛ ዙር አታቁመው፤ ለ20 ደቂቃ ያህል በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ያዝ፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ እያደረግህ። በዝቅተኛ ዙር ካሙ ላይ የሚረጨው ዘይት ትንሽ ነው፣ አዲሱ እግርም ፊት ሳይዝ ይበላል። ዘይቱ 15ደብሊው-40 ሲአይ-4 ቢሆን እመርጣለሁ። የአዲስ ቤንዚን መኪና ቀጫጭን ዘይቶች ዚንካቸውና ፎስፈረሳቸው ተቀንሷል፣ ይህ ዓይነት የሚፋተግ ታፔት ደግሞ እሱን ይፈልጋል።

የቫኩም_ሰዓት፦

ከማስተካከሉ በኋላ በቫኩም ጌጅ (የሞተሩን የመሳብ ኃይል መለኪያ) ለምታረጋግጡ አንድ ነገር። ሃይድሮሊክ ታፔት ከመጠን በላይ ከተጫነ ቫልቩን ትንሽ ክፍት አድርጎ ይይዘዋል፤ የዚያ ሲሊንደር ተራ በደረሰ ቁጥር መርፌው ይወድቃል። መታየት ያለበት ይህ መወዛወዝ ነው፣ ቁጥሩ አይደለም። መጽሐፉ ላይ ያለው ከ18 እስከ 20 ኢንች ሜርኩሪ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ያህል ይቀነሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ ከ10 እስከ 12 ባለው ላይ በጸጥታ የቆመ መርፌ ጤነኛ ሞተር ነው። ኮምቦልቻ ወርዶ ቢለካ፣ ከፍታዋ 1,850 ገደማ ስለሆነ፣ ያው ሞተር 2 ኢንች ያህል ከፍ ይላል። የኮምፕሬሽን ጌጁም እንዲሁ ዝቅ ያለ ያነባል። በዚህ ቁጥር ብቻ "ቫልቩ ያሳልፋል" ተብሎ ቴስታታ መውረድ የለበትም።

ካንዴላ_12፦

ለወደፊት እንዲጠቅም፣ ሌሎች ድሮ የመጡ ባለ 6 ሞተሮችስ? ብሎን ማየት የሚሠራባቸው አሉ?

ሰኞ_ገበያ፦

አሉ። ላንድክሩዘር 2ኤፍ ድፍን፣ ብሎን ያለው፣ ሞቆ 0.20 እና 0.35። የክራይስለሩ ያዘነበለ ስድስት እስከ 1980 ድፍን ነው፣ ሞቆ 0.010 እና 0.020 ኢንች፤ ከ1981 ጀምሮ ሃይድሮሊክ ሆነ። የጂፑ 258 ሃይድሮሊክ ነው፣ ሮከሩ ማስተካከያ የለውም። ከ235 በኋላ የመጣው የሸቭሮሌት 250 ግን እንደገና ያሳስታል፤ እያንዳንዱ ሮከር በራሱ ዘንግ ላይ በዳዶ ተይዟል፣ ዳዶው ይጠብቃል ይላላል፣ ታፔቱ ግን ሃይድሮሊክ ነው። የዳትሱን ኤል24 እና ኤል28 ካማቸው ከላይ ቴስታታው ላይ ስለሆነ ፑሽሮድም እንዲህ ዓይነት ታፔትም የላቸውም። ለድፍኑ 235 የቤት መኪና የሚሰጠው ሞቆ 0.006 ኢንች አስገቢ፣ 0.013 አስወጪ ነው፣ ማለትም 0.15 እና 0.33 ሚሊሜትር።

ጦሳ_ስር፦

የ4ኛው አስወጪ ጉብታ ጤነኛ ነው፤ ሹል ጠርዝ የለውም፣ ከጎረቤቶቹም አላጠረም። የወጣው ድፍን እግር ግን መሃሉ ሰርጉዷል። 3ቱ የተጣበቁት ነጭ ጋዝ ውስጥ ናቸው። 1 ሃይድሮሊክ ታፔትና 1 ፑሽሮድ አዝዣለሁ፤ ፑሽሮዱ ከሌሎቹ እንደሚለይ ተለክቶ ተረጋግጧል። የመጨረሻ ጥያቄዬ የጎኑ ክዳን ጋስኬት ነው፤ አሮጌው ተቀዷል።

ቶርኖ_ቤት፦

እግሩ ሰርጉዶ ጉብታው ደህና መሆኑ ዕድል ነው፤ ቢሆንም ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ክዳኑን ከፍተህ ያንኑ ጉብታ እንደገና እየው።

ጋስኬቱን ከቡሽ ወረቀት፣ 3 ሚሊሜትር ገደማ፣ በክዳኑ ልክ ቁረጥ። ከመግጠምህ በፊት ክዳኑን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝተህ በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ የተጎረበጠውን በእንጨት መዶሻ አቅና። ጋስኬቱን በክዳኑ በኩል ብቻ አጣብቅ፣ በብሎኩ በኩል ደረቅ ተወው፣ በሚቀጥለው ሲከፈት እንዳይቀደድ። ብሎኖቹን ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር፣ ቡሽው ልክ እስኪታመቅ ብቻ አጥብቅ። ከዚህ ካለፍክ ቆርቆሮው ይጎብጣል፣ ዘይቱም በኋላ በኩል ወርዶ በፍሪሲዮን ቤቱ ይንጠባጠባል፤ ያየው ሰው የክራንክሻፍቱ የኋላ ማኅተም ነው ብሎ ካምቢዮ ያስወርድሃል። ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ሩብ ዙር ያህል ፈትሻቸው።